ያልተባለ አሚን

ሁዘይፋን ገና ከመጀመሪያው ቀን አላመንኩትም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ደሴ ተወልጄ፣ ዳላስ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ዊልቸር እየገፋሁ ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ወንበሩ ላይ ተዘፍዝፎ፣ የፍተሻውን ሰልፍ ካሻገርኩት በኋላ ብድግ ብሎ ወደ አውሮፕላኑ የሚሮጥ ስንት ጉድ አይቻለሁ! ሶ ሰው ሲያቃስትም ሆነ ሲስቅልኝ ፊቱን አላይም፤ እግሩን ነው የማየው።

ነገሩ የተጀመረው እሁድ እሁድ በምንሰበሰብበት አዳራሽ ነው። ቅሬያችን፣ ማለቴ እዚህ ዳላስ ያለን የወሎ ልጆች የምንረዳዳበት ማኅበር፣ ለሃይስኩል ልጆች የስነ ምግባር ትምህርት ይዘጋጅ ብሎ ወሰነ። የአንዱ ልጅ ቬፕ ሲያጨስ ተይዞ፣ የሌላው ልጅ አባቷን "ያንተ ጉዳይ አይደለም" ብላው፣ ወላጅ ሁሉ ተሸብሮ ነበር። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ዐብዱሰመድ ሆነ፤ ሊሞ ነጂ ነው፣ ስብሰባም ሲመራ ቀስ ብሎ ነው፣ ቢጫ መብራት ባየ ቁጥር ይቆማል። እኔንም አፍ አላት ብለው አስገቡኝ። ሦስተኛው ሁዘይፋ ነው። ሃይስኩል ውስጥ የተማሪዎች አማካሪ ሆኖ ይሠራል። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ አሜሪካ የገባ ልጅ ነው። ፂሙን አሳምሮ ላፕቶፑን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። ይሄ ራሱ አስጠረጠረኝ። የኛ ሰው መቼ ነው ሳያቋርጥ የሚሰማው?

"ሶ፣ ኦኬ፣ ሐሳብ ያለው ይናገር" አለ ዐብዱሰመድ። ወላጆችም ልጆችም በተሰበሰቡበት ነው እንግዲህ። ሐሳብማ ሞልቷል። አንዱ በየሳምንቱ ዳዕዋ ይሰጣቸው አለ። ሌላዋ ሐዲስ ይሸምድዱ አለች። እኔ፣ ስልካቸው ማታ ማታ ይሰብሰብ፣ ቦርሳቸው ይፈተሽ፣ ከማን ጋር እንደሚውሉ ይጣራ አልኩ፤ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀልኝ። ሁዘይፋ ሁላችንንም ጨርሶ ከሰማ በኋላ፣ በዚያ በሚንሻፈፍ አማርኛው ቀጠለ።

"ማለቴ፣ አኽላቅ፣ ስነ ምግባር፣ በሌክቸር አይመጣም። ልጅ ካልታመነ ታማኝ መሆን አይማርም። ሶ ፕላኔ ይሄ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ረመዳን እስኪገባ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን በስልክ ትራክ ማድረግ ያቆማሉ። ቦርሳ አይፈተሽም። ልጆች ደግሞ በየቀኑ እራት ላይ የት እንደዋሉ እውነቱን ይናገራሉ። ረመዳን ሊገባ ሲል እዚሁ እንሰበሰብና ወላጅ ስለ ልጁ ይመሰክራል፤ ልጅም ስለ ወላጁ ይመሰክራል።"

"ልጅ ስለ ወላጁ?" አልኩ።

"አዎ። አማና፣ ማለቴ አደራ፣ ከሁለቱም ወገን ነው።"

"አንተ ወልደሃል?"

"አልወለድኩም፣ እህት ዙበይዳ።"

"እንግዲያማ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!" ብዬ ተቀመጥኩ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። ሰው እየሰደብኩት ከልቡ ሲስቅ ምን ደብቆ ነው እላለሁ።

አሁን የኔን ጉዳይ ልናገር፤ ካልተናገርኩት ነገሩ አይገባም። ሳጂዳ አንድያ ልጄ ናት። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ ትራክ ይነዳል፤ ዛሬ አሪዞና ነው ነገ ኦሃዮ፣ ቤት የሚመጣው እንግዳ ሆኖ ነው። ሜስኪት በምትባለው የዳላስ ዳርቻ ከተማ እኔና እሷ ብቻችንን ነን ማለት ይቻላል። ልጅቷ ኦስቲን ያለ ዩኒቨርሲቲ ለክረምት ተቀብሏታል። የኢንጂነሪንግ ፕሮግራም ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ዶርም ውስጥ እያደሩ። እያደሩ! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከጎረቤት ቤት አድሬ አላውቅም። አይሆንም ብዬ ዘግቼዋለሁ። እሷም አልተጨቃጨቀችም፤ ይሄም አስጠረጠረኝ።

እና ሰው ሁሉ በሁዘይፋ እቅድ እጁን ሲያወጣ፣ ሳጂዳ ከጎኔ ብድግ አለች። እዚያው ሰው ፊት።

"ማሚ፣ ረመዳን እስኪገባ አንድ ውሸት ካላገኘሽብኝ ኦስቲን ልሂድ?"

ወይ ጉዴ! ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። የማኅበራችን ሼህ እንኳ መቁጠሪያቸውን አቁመው አዩኝ። ምን ልበል? አይሆንም ብል ሰው ምን ይለኛል፤ እሺ ብል ልጄ ሄደች።

"አንድ ውሸት ካላገኘሁብሽ ትሄጃለሽ" አልኩ።

ከዚያ ሼሁ ለዱዓ እጃቸውን ከፈቱ። በኛ አገር ውል በፊርማ አይታሰርም። መዳፍ ተዘርግቶ፣ ትልቅ ሰው ዱዓ አድርጎ፣ ሰው አሚን ካለ በቃ፤ ያንን ያፈረሰ ሰው ጤና አያገኝም ይባላል። ሼሁ "ይቺን አማና የጠበቀ አላህ ይጠብቀው፣ ቃሉን ያፈረሰ ከዱዓው አይቋደስ" አሉ። ሰው ሁሉ "አሚን!" አለ። እኔም መዳፌን ዘርግቼ ነበር። አፌን ግን ገጠምኩት። አሚን ካላልኩ ምን ያስረኛል? ዱዓው የነሱ ነው፣ አልኩ በልቤ። ሳጂዳ ሻርፗ ትከሻዬን እየነካኝ ቆማለች፤ እሷ አሚን ስትል ድምጿ ከሁሉም በላይ ተሰማኝ።

ቤት ስንገባ ስልኬን ሰጠኋትና የት እንዳለች የማይበትን መከታተያ አፕ በገዛ እጇ አጠፋችው። ጉንጬን ሳመችኝ። ውይ ዙበይዳ፣ ምነው ያን ጊዜ መለስ ባልሽ! አልተመለስኩም። በማግስቱ ሥራ ቦታ ብሬክ ስወጣ፣ መንገደኞች ሻንጣቸው እንዳይጠፋ የሚከቱባትን ሳንቲም የምታህል ትራከር ገዛሁ። ሳጂዳ ሻወር ስትገባ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን የውስጥ ጨርቅ ተርትሬ ከተትኩና መልሼ ሰፋሁት። ስፌቴን እኔ ራሴ ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም።

ስልኬ ላይ እንደገና ነጥብ ሆነች። አረንጓዴ ነጥብ። እፎይ አልኩ፣ ምን ዋሻለሁ።

እራት ላይ "የት ዋልሽ?" እላታለሁ። "ከስኩል በኋላ ላይብረሪ" ትላለች። ነጥቡም ላይብረሪ ነበር። "ዛሬስ?" "ሮቦቲክስ ነበረን፣ ከዚያ ባስ ናፈቀኝ… ማለቴ አመለጠኝ፤ ሶ በእግሬ መጣሁ።" ነጥቡም በእግሩ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። ሰው ልጁ እውነት ስትናገር ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ። ሁሉ ነገር ልክክ ሲል ደስ አይልም። ይቺ ልጅ የሆነ ነገር ታውቃለች ማለት ጀመርኩ።

ደግሞ ቦርሳው። በፊት ከበሩ ስትገባ ሶፋ ላይ ትወረውረው ነበር። አሁን ጠረጴዛው ዘንድ፣ ፊት ለፊቴ ካለው ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ታስቀምጠዋለች። አንድ ቀን ጠዋት ባሱ መጥቶ እየጠበቃት፣ ቦርሳዋን ረስታ ኖሮ እየሮጠች ተመለሰች። ዕለቱ የስፖርት ቀን ነው፤ ደብተር አያስፈልጋትም። "ለምኑ ነው?" ብላት "ይሻላል" ብላ አንጠልጥላው ወጣች። ይሻላል ማለት ምን ማለት ነው? ቀኑን ሙሉ ሲበላኝ ዋለ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ እሁድ አዳራሹ በር ላይ ከሁዘይፋ ጋር ቆማ ስታወራ ደረስኩ። ሲያዩኝ ዝም። እሱ "ሰላም እህት ዙበይዳ" ብሎ ገባ።

"ምን አልሽው?" አልኳት መኪና ውስጥ።

"አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት።"

"የምን ጥያቄ?"

"ማሚ፣ ፕሮሚሴ የት እንደዋልኩ ልነግርሽ ነው። ምን እንዳሰብኩ አይደለም።"

ተመልከቱ እንግዲህ! ይሄ ነው የስነ ምግባር ትምህርቱ! ለዐብዱሰመድ ደውዬ "ይሄ ልጅ ልጆቻችንን ምላስ እያስተማረልን ነው" አልኩት። "ሶ ዙበይዳ፣ ምላስ ካንቺ ነው የወረሰችው" አለኝና ደንበኛ መጣልኝ ብሎ ዘጋብኝ።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ሐሙስ ሐሙስ "ማራኪ ቤት ነበርኩ" ትለኛለች። ማራኪ ማን ናት ስላት፣ አዲስ ልጅ ናት፣ ከወላጆቿ ጋር በዲቪ የመጣች። የስልክ ቁጥሯን ስጪኝ ስላት፣ ስልኳ ገና አልተከፈተም። ምን ትሠራላችሁ? እናቷን ሄልፕ አደርጋለሁ። ምን ዓይነት ሄልፕ? "ቶኪንግ" አለች። ቶኪንግ! ማውራት መሆኑ ነው፤ አማርኛዋን ራሷን በሁለት እጄ ደግፌ የማቆምላት ልጅ! ነጥቡን ሳየው ደግሞ ከሃይዌይ ዳር፣ ካንድ ጎማ ቤት ጀርባ ነው የሚቆመው። ጎማ ቤት አካባቢ ምን ዓይነት ሰው እንደሚውል አውቃለሁ። ማራኪ የምትባል ልጅ በዓለም ላይ የለችም፣ ወንድ ነው የምትደብቀኝ አልኩ። ስሙ ራሱ ወንድ የሚያወጣው ስም ነው፤ ማራኪ!

አገኘሁሽ አልኩ። አንድ ውሸት። ክረምቱ ዳነ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሱፐርቫይዘሬን ሆዴን አመመኝ ብዬ ሥራ ጥዬ ወጣሁ። ሆዴ ምንም አላለኝም ነበር። ከኤርፖርት እስከ ሜስኪት ያለው ትራፊክ የሰው ዕድሜ ይበላል፤ እኔ ግን አልታወቀኝም። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ልጁን ምን እንደምለው፣ እሷን ምን እንደምላት፣ አባቷን ደውዬ ከየት እንደምጀምርለት። ጎማ ቤቱን አልፌ ስዞር ከጀርባው ያረጀ አፓርትመንት አለ። ፓርክ አድርጌ ወጣሁ። ምድር ቤት ካለው መስኮት የሳጂዳን ድምፅ ሰማሁ። ጮክ ብላ በእንግሊዝኛ ትናገራለች። በሩ ላይ ደግሞ ምን አየሁ? የወንድ ጫማ። ትልቅ፣ የሥራ ቡትስ። በሩን በጡጫ ደበደብኩት።

የከፈተችልኝ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ቀጭን ሴት ናት። አየችኝና ፊቷ በራ።

"የሳጂዳ እናት! ቁርጥ እሷን! ግቢ፣ ግቢ፤ ቀስ በይ ብቻ፣ ባለቤቴ የሌሊት ሽፍት አድሮ ተኝቷል።"

ገባሁ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሳጂዳ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። ከጎኗ ሁለት ሹሩባ የተሠራች ልጅ አለች፤ ማራኪ። በዓለም ላይ አለች።

"ፋንታዬ እባላለሁ" አለችኝ ሴትየዋ። "ኤርፖርት ክሊኒንግ ላመለክት ነው፤ ኢንተርቪው አለ አሉኝ፣ እንግሊዝኛው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ልጅሽ ናት አለቃ ሆና የምታለማምደኝ። እንዴት እንደምትቆጣኝ ብታዪ! 'ቀና ብለሽ እዪኝ፣ እናቴ ስታወራ ቀና ብላ ነው' ትለኛለች። ስላንቺ ነግራኛለች፤ ኤርፖርቱን እንደ ጓዳሽ ታውቂዋለሽ አይደል?"

ዳቦ ቆርሳ አቀረበችልኝ፤ "ሥጋ የነካው ነገር የለም፣ ብዪ በሞቴ" አለችኝ። ጎረስኩ።

"ግን ቤቱን እንዴት አገኘሽው?" አለች ፋንታዬ፣ እንዲያው በየዋህነት። "እዚህ የተቀበለን ሰው እንኳ ይጠፋዋል እኮ፤ ሳጂዳም መጀመሪያ ቀን ማራኪ ወጥታ ነው የተቀበለቻት።"

"ሳጂዳ ነግራኝ ነዋ" አልኩ።

ሳጂዳ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን አየች። አልነገረችኝም፤ እኔም እሷም እናውቃለን። ተነስታ ቦርሳዋን አነገተች።

መኪና ውስጥ ጥያቄዋን ጠበቅኩ። አልጠየቀችኝም። ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር እንዴት አይጠይቅም? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ልጄ ለተቸገረ ሰው ስትደርስ ነው ያገኘኋት። ግን ዝምታዋ አስጠረጠረኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ልጅ ግን መቼ ነው ዝም ማለት የለመደችው?

ከመግሪብ ሶላት በኋላ እራት ቀረበ። ቦርሳው እንደ ልማዱ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሳልጠይቃት ጀመረች።

"ዛሬ ማራኪ ቤት ነበርኩ። ፋንታዬን ኢንተርቪው አለማመድኳት። ከዚያ ማሚ መጣች። ከዚያ ቤት መጣን።" እኔው ያየሁትን መልሳ ለኔው ነገረችኝ፤ ቃሏ ነውና። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "አንቺስ ማሚ? ዛሬ የት ዋልሽ?"

"ሥራ ነዋ! የት እውላለሁ?"

"ሥራ ብቻ?"

"ሥራ ብቻ። ቶሎ ለቀቁኝ።"

"ኦኬ" አለች። ሳህኖቹን አነሳች።

ረመዳን ሊገባ ሲል ተሰበሰብን። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ሌላ ቅሬም ሰምቶ መጥቷል፣ እቅዱን ሊወስዱት ነው አሉ። ዐብዱሰመድ ክራባት አስሯል። ሁዘይፋ ከጥግ ተቀምጧል፤ ላፕቶፑን ዛሬ አልከፈተም። ወላጆች በተራ ተነሱ። አንዱ አባት፣ ልጁ መኪና እንደጫረበት ራሱ መጥቶ እንደነገረው ሲናገር አለቀሰ። አንዷ ደግሞ "ውሸት ነው፣ አሁንም ይዋሻል፣ ግን ቀንሷል" ብላ ሰው አሳቀች። የኔ ተራ ደረሰ።

"ውሸት አላገኘሁባትም" አልኩ። "ፈልጌ ነበር። የለም።"

"አልሐምዱሊላህ!" አለ ሰው። ኦስቲን አለቀ ደቀቀ። ልጄ ልትሄድ ነው። ግን እውነት ነው የተናገርኩት፣ ሌላ ምን ልል እችል ነበር?

"ሶ ሳጂዳ" አለ ዐብዱሰመድ፣ "አሁን አንቺ። እናትሽ አማናዋን ጠብቃለች? ሳትከታተልሽ፣ ቦርሳሽን ሳትነካ?"

ሳጂዳ ቆመች። ቦርሳዋን እቅፍ አድርጋዋለች። ሁዘይፋን አየችው፤ እሱ ወለሉን ነው የሚያየው።

"አዎ" አለች። "እማዬ ቃሏን ጠብቃለች።"

"ማሻአላህ! አላሁ አክበር!" ሆነ። አጠገቤ ያለችው ሴት ጭኔን መታ መታ አደረገችኝ። ዐብዱሰመድ "ዙበይዳ እንዲህ ካደረገች ማንም ያደርጋል!" ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔ ተንፈስ አልኩ። አላወቀችም፣ አልኩ። ያ ሁሉ ጥርጣሬዬ ከንቱ ነው፤ ልጅቷ ምንም አላወቀችም። ኢንሻአላህ ነገ ስፌቱን ፈትቼ አወጣዋለሁ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ሼሁ እጃቸውን ከፈቱ። "አላህ ሆይ፣ ዛሬ እዚህ የተመሰከረውን ምስክርነት ሁሉ እውነት አድርገህ ተቀበል" አሉ።

"አሚን!" አልኩ። ያለፈውንም ጨምሬ ነው ጮክ ብዬ ያልኩት። ሰው ሁሉ አለ። ከጎኔ ግን ድምፅ ጎደለብኝ። ዞር አልኩ።

ሳጂዳ መዳፏን ዘርግታለች። አፏ ግን ገጥሟል፤ ከንፈሯን ንክስ አድርጋ ይዛዋለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ። ቦርሳው ፊቴ የሚቀመጠው፣ ከባስ የተመለሰችው፣ "ኦኬ" ያለችው። ሰው እየተሳሳመ ሳለ እጇን ይዤ ወደ ፓርኪንጉ አወጣኋት።

"አሚን ለምን አላልሽም?"

ቦርሳዋን ከፈተችና ጣቴን ይዛ ስፌቱ ላይ አሳረፈችው። እኔ ፈልጌ ያጣሁትን ስፌት እሷ በጨለማ ታገኘዋለች።

"ከፈርስት ዴይ ስልኬ ነገረኝ" አለች። "ያልታወቀ ትራከር አብሮሽ እየሄደ ነው አለኝ።"

ስልክ እንዲህ እንደሚያሳብቅ በምን አውቄ! "ታዲያ ለምን አውጥተሽ አልጣልሽውም?"

"ሥራ ላይ ሆነሽ እንዳትጨነቂ ብዬ። ካላየሽኝ ትጨነቂያለሽ።"

እናንተዬ! ለስፖርት ቀን እየሮጠች የተመለሰችው ለዚህ ነው። እኔ ልጠብቃት ሰፋሁት፣ እሷ ደግሞ እኔ እንዳልሸበር ተሸክማው ዞረች።

"ሁዘይፋን ይሄንን ነው የጠየቅኩት" አለች። "እውነቱን ብናገር እማዬ ታፍራለች፣ ምን ላድርግ አልኩት። እሱ፣ አንቺ ወስኚ አለኝ። ሶ ወሰንኩ። ሰው ሁሉ ፊት ላሳፍርሽ አልቻልኩም። ዋሸሁ። ግን አሚን አላልኩም።" ድምጿ ቀነሰ። "አሚን ካላሉ አይቆጠርም፣ አይደል? አንቺም ያን ቀን አላልሽም። ከጎንሽ ቆሜ ነበር። ሰምቻለሁ። ማለቴ፣ አልሰማሁም።"

ስትቀልድብኝ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልቀለደችም። የምር ነው የምትጠይቀኝ፤ ትምህርቱን በትክክል መያዟን ልታረጋግጥ።

"አሁን አንድ ውሸት አገኘሽብኝ" አለች። "ሶ ኦስቲን ቀረ?"

አፈርኩ። ደሴም ዳላስም እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ልጄ ላይ ውሸት ፍለጋ ሥራ ጥዬ ከተማ አቋርጬ ነበር፤ አንዲት አላገኘሁም። ያቺን ብቸኛዋን ውሸት የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሁዘይፋ ያን ሁሉ ጊዜ አኽላቅ ሲያቅድ፣ እኔ አንድ ቀን አፌን ገጥሜ ሁሉንም አስተምሬያት ጨርሻለሁ።

"ነይ፣ እንግባ" አልኳት።

"ማሚ፣ አይ፣ ተይው…"

"ነይ አልኩሽ!"

ሰው ወንበር እየደረደረ ነው። ዐብዱሰመድ ክራባቱን ፈትቶ ኪሱ ከቷል። ሼሁ በሩ ዘንድ ተቀምጠው አንድ እግር ጫማቸውን አጥልቀዋል።

"አባባ ሼኽ" አልኳቸው፣ "ዱዓውን ይድገሙልን።"

"ምነው ልጄ? አሁን አድርገን የለ?"

"አሚን ያላልን ሁለት ሰዎች አለን።"

ወንበር የሚደረድሩት ቆሙ። ሁዘይፋ ከጥግ ቀና አለ። ቦርሳውን ከሳጂዳ ተቀብዬ ስፌቱን በጥርሴ በጠስኩትና ያቺን ሳንቲም የምታህል ነገር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ምን እንደሆነች ማንም አልጠየቀኝም፤ ግማሹ ሰው ቤቱ ውስጥ አለችው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ።

"አንዷ እኔ ነኝ" አልኩ፣ "ከፊተኛው ዱዓ ጀምሮ። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፣ ከኔ ተምራ። የዛሬው ምስክርነቷ ለኔ ብላ የተናገረችው ነው፤ በኔ ይያዝልኝ። ኦስቲን ትሄዳለች።"

ዐብዱሰመድ "ሶ…" ብሎ ጀመረና ተወው። ሼሁ ያጠለቁትን ጫማ መልሰው አወለቁ። እየቃተቱ ተነሱ፤ መዳፋቸውን ከፈቱ። ምን ብለው እንደለመኑ ግማሹን አልሰማሁትም፤ ጆሮዬ ይጮህ ነበር።

ሲጨርሱ አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልቀደመኝም። ሳጂዳ ወደኔ ዞራ አፌን ታያለች፤ እስክናገር ትጠብቃለች።

አሚን አልኩ። ከዚያ እሷ አለች።